ሕንፃው ገና ሥዕል ሳለ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ዲጂታል ሞዴልና ኢነርጂ

በዚህ ዕትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ በሬቪት፣ በአርኪካድ ወይም በስኬችአፕ (የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራሞች ናቸው) የተሠራን የሕንፃ ሞዴል በመነሻ ዲዛይን ወቅት ለኢነርጂ ስሌት እንዴት እንጠቀምበት የሚል ነው። ተመሳሳዮቹን አዋሕደን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ላይ ጂ+7 የቢሮ ሕንፃ እየነደፍኩ ነው። ሬቪት ላይ ግድግዳው፣ አምዱ፣ ደረጃው፣ ኮርኒሱ ሁሉ ገብቷል። ፋይሉን ወደ ኢነርጂ ስሌት ስልከው አንዴ ስህተት ይላል፣ አንዴ ሰዓታት ፈጅቶ ግማሽ ሕንፃ የጎደለበት ውጤት ያወጣል። ፋይሉን እንዴት ላጽዳው?
አርክቴክት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አያጽዱት፤ አዲስ ይሥሩ። ለማጽዳት ቀናት የሚፈጀው ነገር ከባዶ ሲጀመር በግማሽ ቀን ያልቃል።

ለሥዕል የሚሆን ሞዴል የበር እጀታ ሳይቀር ይይዛል። ለሙቀት ስሌት የሚያስፈልገው ግን ዙሪያው የተዘጋ ክፍል፣ ክፍሉን የከበቡት ገጾችና ገጾቹ የሚመለከቱት አቅጣጫ ብቻ ነው። ግማሹ ሕንፃ የጠፋብዎት የክፍሎቹ ዙሪያ ስላልተዘጋ ይመስላል። ሬቪት ላይ ሩም ወይም ስፔስ (ክፍልን የሚወክለው ምልክት) ሲቀመጥ የላይኛው ከፍታው ከስላቡ በታች ከቀረ፣ በመካከል የማንም ያልሆነ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ኮርኒሱ ክፍል ወሳኝ ተብሎ ከተመዘገበም አንዱ ክፍል ለሁለት ይቆረጣል። የስፋትና የይዘት ማስያው ‹ስፋት ብቻ› ላይ ተትቶ እንደሆነም ይዩ፤ ‹ስፋትና ይዘት› የሚለው መመረጥ አለበት። ሬቪት ክፍተትን የሚታገሥበት መጠንም አለው። የክፍል መለያው 45 ሴ.ሜ.፣ የገጽ መለያው 30 ሴ.ሜ. ገደማ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከዚያ የጠበበውን ክፍተት ያልፈዋል፣ የሰፋው ግን ክፍሉን ያፈርስብዎታል። መጠኑን አሰፋለሁ ሲሉ ደግሞ ጠባቡ የቧንቧ ሻፍት አብሮ ይጠፋል።

ሰዓታት የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ከርቴን ዎሉ፣ ማለትም የመስታወቱ የውጭ ግድግዳ ነው። አንዱ ፊት በየፎቁ 40 መስታወት ቢኖረው በ8 ወለል 320 መስኮት ይሆናል፤ ፕሮግራሙም በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ለየብቻው ያሰላል። በስሌቱ ሞዴል ውስጥ ያ ሁሉ በየዞኑ (እንደ አንድ ክፍል በሚሰላው የወለል ክፋይ) አንድ ሰፊ መስኮት ነው፤ የአሉሚኒየሙ ድርሻ ከስፋቱ በመቶኛ ይቀነሳል።

አዲሱን ሞዴል ሲሠሩ እያንዳንዱን ወለል በ5 ዞን ይክፈሉት። አራቱ ከውጭ ግድግዳው ወደ ውስጥ 4.5 ሜትር ገደማ የሚገቡ የዳር ዞኖች ናቸው፤ አምስተኛው መሐሉ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ዳር ሲግል የምሥራቁ ዳር አያግልም፤ ወለሉን በሙሉ አንድ ዞን ካደረጉት ሁለቱ ተደባልቀው ችግሩ ይሰወራል። 8ቱንም ወለል መሥራት አያስፈልግም። ምድር ቤቱን፣ አንድ መካከለኛ ወለልና የመጨረሻውን ይሥሩና መካከለኛውን በ6 ያባዙት። የመካከለኛው ወለልና ጣሪያ ሙቀት የማያሳልፍ ተብሎ ይመዝገብ፤ ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት እንደ እርሱው ነውና። ከጎን ጂ+4 ሕንፃ ካለ ግን ይጠንቀቁ። የታችኞቹ ወለሎች በጥላው ሥር ናቸው፣ የላይኞቹ አይደሉም። ያን ጊዜ መካከለኛ ወለሉን ሁለት ያድርጉ፤ አንዱ ከጥላው በታች፣ አንዱ ከጥላው በላይ። የጎረቤት ሕንፃዎች እንደ ባዶ ሣጥን ጥላ ለመጣል ብቻ ይገባሉ። ከጎረቤት ጋር የተጣበቀው ግድግዳም እንደ ውጭ ግድግዳ አይቆጠር።

ከመጫንዎ በፊት አራት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ የወለል ስፋቱንና ይዘቱን በእጅ ካሰሉት ጋር ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ሁለተኛ፣ የመስታወቱን ስፋት በየአቅጣጫው ያንብቡ። ሦስተኛ፣ እውነተኛው ሰሜን። ሥዕሉ ለወረቀቱ እንዲመች ዞሮ ከሆነና እውነተኛው ሰሜን ካልገባ፣ ምዕራብ ያሉት ፊት ሰሜን ሆኖ ይሰላል፤ ስኬችአፕ ላይም አረንጓዴው መስመር ሰሜን ተደርጎ ነው የሚወሰደው። አራተኛው የእኛው አገር ጣጣ ነው። የሥራ ሰዓቱን ‹ከ2 እስከ 11› ብሎ የሚያስገባ ሰው አለ። ሶፍትዌሩ የሚረዳው ሠራተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገብቶ ከረፋዱ 5 ሰዓት እንደሚወጣ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ሰው የሌለበትን ቢሮ ይመታል፣ ውጤቱም ማለፊያ ይመስላል። መግባት ያለበት ከ8 እስከ 17 ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከሆነ እሱም ይጨመር፤ ብዙ ፕሮግራሞች የቢሮን ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ አድርገው ነው የሚያመጡት።

የግድግዳውን ዓይነትም ያለ ምርመራ አይቀበሉ። ሬቪት ራሱ የሚሞላልዎ ግድግዳ ሙቀት መከላከያ ያለው ቀላል ግድግዳ ሲሆን የእርስዎ ደግሞ ሁለት ጎኑ የተለሰነ 20 ሴ.ሜ. ብሎኬት ነው። የተለመደው ብሎኬት ዩ-ቫሊዩ (ሙቀት የማሳለፍ መጠኑ) 2.5 ገደማ ነው፤ በፑሚስ የተሠራ ከሆነ ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ ለሚሠራ ሆቴል የአዲስ አበባን የአየር ጠባይ ፋይል መጠቀም ይቻላል? ርቀቱ እኮ 100 ኪ.ሜ. ገደማ ነው።
የግንባታ መሐንዲስ፣ አዳማ

መልስ፦ አይቻልም። በአገራችን የአየር ጠባይ የሚከተለው ከፍታን ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው አባቶች የከፋፈሉትም በዚሁ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ገደማ ቢቀንስ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይሆናል። በአንዱ ከተማ ኤሲ የማያስፈልገውን ክፍል በሌላው እንዲያስፈልገው ለማድረግ ይህ በቂ ነው።

ኢፒደብሊው የሚባለው የአየር ጠባይ ፋይል የአንድ ዓመት 8,760 ሰዓታትን በተራ የያዘ ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ጨረር፣ ነፋስና የአየር ግፊት ይገኝበታል። ለብዙ የዓለም ጣቢያዎች የተዘጋጁ ፋይሎች ዋንቢልዲንግ በሚባለው ማከማቻ በነፃ ይገኛሉ። ለቦታዎ የሚሆን ጣቢያ ካጡ የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል የሚያቀርበው ፒቪጂአይኤስ አፍሪካንም ይሸፍናል፤ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲያስገቡ የዓይነተኛ ዓመት ፋይል ያወርድልዎታል። የአዲስ አበባውን ፋይል ይዞ በየሰዓቱ 4 ዲግሪ መጨመር ግን አይመከርም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ አንዱን ብቻ ሲነኩ ሌላው ውሸት ይሆናል።

የወረደውን ፋይል ሳይመረምሩ አይጫኑ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ኬክሮሱ ለአዳማ 8.5፣ ኬንትሮሱ 39.3፣ የሰዓት ቀጠናው 3 መሆኑን ይዩ። ቀጥሎ የጨረሩን ዓምድ ያንብቡ። ጨረሩ በሶፍትዌሩ አቆጣጠር ከ6 እስከ 7 ባለው ጊዜ መጀመር አለበት፤ 3 ወይም 4 ላይ ከጀመረ ፋይሉ በግሪንዊች ሰዓት ነው የተጻፈው፤ የምሥራቁና የምዕራቡ መስኮት ውጤት ይዛባል። የግፊቱ ዓምድም ሊረሳ አይገባም። አዳማ ላይ 82 ሺህ ፓስካል ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ76 እስከ 77 ሺህ መሆን ሲገባው 101,325 ካገኙ አየሩ የምፅዋ ወደብ አየር ሆኗል ማለት ነው። በመጨረሻም ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸውና የሐምሌና የነሐሴ ዳመና በጁላይና በኦገስት ላይ መታየቱን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለቢሮ ሕንፃችን ሶፍትዌሩ ብዙ ኤሲ ያስፈልጋል ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ‹የድሮዎቹ የመንግሥት ቢሮዎች ያለ ኤሲ አይደለም እንዴ የሚሠሩት› ይላሉ። ማንን ልመን?
የዲዛይን ቢሮ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ባለቤቱ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሶፍትዌሩ ኤሲ ያስፈልጋል ያለው ማንም ሳይጠይቀው መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ፣ ክፍሉን 24 ዲግሪ ላይ ልያዝ ብሎ ስለተነሣ ነው። በዚህ ዓይነት ስሌት እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ቢሮም ኤሲ ይጠይቃል።

ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ ያለ ኤሲ፣ መስኮቱ እየተከፈተ ያሂዱት። ያን ጊዜ የሚለካው ኪሎዋት አይደለም፤ ሰው ባለበት ሰዓት ክፍሉ ከምቾት ወሰን ያለፈበት የሰዓት ብዛት ነው። አሽሬ 55 የሚባለው የአሜሪካ መመዘኛ በመስኮት ለሚናፈስ ሕንፃ ወሰኑን እንዲህ ያወጣዋል፦ የቅርብ ቀናቱን አማካይ የውጭ ሙቀት በ0.31 ያባዙ፣ 17.8 ይደምሩ። አማካዩ 16 ዲግሪ ከሆነ 22.8 ይመጣል፤ ከዚያ 3.5 ወደላይና ወደታች ሲሄዱ ከ19.3 እስከ 26.3 ድረስ አብዛኛው ሰው የሚስማማበት ክልል ነው። የሰዓት ብዛቱን በየዞኑ ያውጡት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት፦ ሰሜኑና ደቡቡ ደህና፣ ምዕራቡ ችግር፣ ላይኛው ወለል በጣሪያው የተነሣ ችግር። ኤሲ ያስፈልጋል ከተባለ እዚያ ብቻ ነው።

የአየር ዝውውሩን መጠን ሲያስገቡ ከፍታችንን አይርሱ። አንድ ሰው በ10 ካሬ ቢቀመጥ፣ ኮምፒውተሩና መብራቱ ሲደመሩ በካሬ 25 ዋት ገደማ ይወጣል። ውጭው ከውስጡ በ4 ዲግሪ ቢቀዘቅዝና የወለሉ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ ይህን ሙቀት ለማውጣት ባሕር ጠለል ላይ የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ግን 8 ጊዜ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየራችን 0.9 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሚመዝን የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ይኸው ነገር ለኤሲና ለማራገቢያም ይሠራል፤ በካታሎጉ ላይ የተጻፈው አቅም ሌላ ካልተባለ የባሕር ጠለል አቅም ነው።

መስኮት ይከፈታል ስንል ደግሞ ስንቱ ነው የሚከፈተው? ተንሸራታች መስኮት ከግማሽ በላይ አይከፈትም፤ በከርቴን ዎል ውስጥ የሚገባው ትንሹ ተገፊ መስኮትም 10 ሴ.ሜ. ወጣ ብሎ ይቆማል። የመስኮቱን ሙሉ ስፋት ያስገባ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። በአንድ ጎን ብቻ የሚከፈት ክፍል ጥልቀቱ ከከፍታው ሁለት እጥፍ ተኩል፣ በሁለት ጎን የሚከፈት አምስት እጥፍ ድረስ ይናፈሳል፤ በ3 ሜትር ከፍታ 7.5ና 15 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ የጠለቀ ወለል ከሆነ ሶፍትዌሩ የሚሰጥዎትን የዝውውር ቁጥር አይመኑ። ሌሊት መስኮት ተከፍቶ ስላቡ ይቀዘቅዛል የሚል ሐሳብ ካለዎትም ዘበኛው 12 ሰዓት ላይ ሁሉንም እንደሚዘጋ ያስቡ። የሌሊቱ አየር በላይኛው ትንሽ መስኮት፣ ከፍርግርግ ጀርባ እንዲገባ ተደርጎ ካልተሣለ የሌሊቱን ዝውውር ከስሌቱ ያውጡት።

ጥያቄ፦ በምዕራብ በኩል ያለው ፊት ሙሉ መስታወት ነው። ድርብ መስታወት ብናደርገው ሙቀቱ ይቀንሳል ወይ?
ኮንትራክተር፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ በጥቂቱ ብቻ፣ ያውም ካወጡት ገንዘብ ጋር የማይመጣጠን። መስታወት ሁለት ቁጥር አለው። ዩ-ቫሊዩ ከውጭና ከውስጥ የሙቀት ልዩነት የተነሣ የሚያልፈውን ይናገራል፤ ኤስኤችጂሲ ደግሞ ከፀሐይ ጨረር ስንት እጁ ወደ ውስጥ እንደሚገባ። ምዕራብ በኩል 10 ካሬ ነጠላ ጥርት ያለ ባለ 6 ሚሊ መስታወት ይውሰዱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በካሬ 600 ዋት ጨረር ቢመታውና ኤስኤችጂሲው 0.8 ቢሆን 4,800 ዋት ይገባል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በላይ እንደ መለኮስ ነው። ውጭው ከውስጡ በ3 ዲግሪ ቢበልጥ ደግሞ በዩ-ቫሊዩ 5.7 የሚያልፈው 171 ዋት ብቻ ነው። ጥርት ያለ ድርብ መስታወት ይህን 171 በግማሽ ይቀንሰዋል፤ 4,800ውን ግን 4,200 ገደማ ቢያደርሰው ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ አብዛኛውን ሰዓት ውጭው ከውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ድርቡ መስታወት ሊወጣ የሚፈልገውን ሙቀት ይይዝብዎታል።

ስለዚህ በሞዴሉ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፦ በመጀመሪያ የመስታወቱን ስፋት ከ90 በመቶ ወደ 60፣ ቀጥሎ ወደ 35 ይቀንሱ፤ ከዚያ ከውጭ በኩል ቋሚ ጥላ ይጨምሩ፤ በመጨረሻ ብቻ መስታወቱን ኤስኤችጂሲው 0.3 ወደሆነው ይለውጡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አያውቁም። ውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው መጋረጃው የሚይዘው፤ ሙቀቱ ቀድሞውኑ ቤት ገብቷል።

ጥያቄ፦ ለደቡብና ለሰሜን መስኮት ታዛው ስንት ሴንቲ ይውጣ?
የአርክቴክቸር ተማሪ

መልስ፦ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 ገደማ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57.6 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ በሰሜን በኩል 75.6 ዲግሪ። ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 24 ገደማ ቀትሩ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው፤ ከአውሮፓ መጽሐፍ የተቀዳው ‹ሰሜን ፀሐይ አያገኝም› የሚል ትምህርት እዚህ አይሠራም። 1.5 ሜትር ከፍታ ላለው መስኮት፣ ታዛው ከመስኮቱ አናት ጋር እኩል ሆኖ ቢወጣ፣ ለደቡቡ 95 ሴ.ሜ.፣ ለሰሜኑ 39 ሴ.ሜ. ለቀትር ይበቃል። ጠዋት ግን ይለያል። ታኅሣሥ 12፣ በፀሐይ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ላይ፣ ያው 95 ሴ.ሜ. የሚሸፍነው 1.1 ሜትሩን ብቻ ነው። ለምሥራቅና ለምዕራብ ታዛ ቢረዝምም ዋጋ የለው፤ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ በሥሩ ይገባል፣ እዚያ የሚሠራው ቋሚ ጥላ ወይም ትንሽ መስኮት ነው። ሌላም ነገር፦ የአዲስ አበባ የፀሐይ ሰዓት ከግድግዳ ሰዓታችን 25 ደቂቃ ገደማ ወደኋላ ይቀራል፤ ሶፍትዌሩ ላይ ቀትሩን 12፡25 አካባቢ ቢያገኙት ስህተት አይደለም።

ያለ ክፍያ መሣሪያ ለጠየቃችሁ ተማሪዎችም እግረ መንገዳችንን፦ ኢነርጂፕላስ የተባለው ዋና የስሌት ሞተር የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያሠራው ሲሆን ነፃ ነው፤ ኦፕንስቱዲዮም እንዲሁ። ሌዲበግ የተባለው የአየር ጠባይና የኢነርጂ መተንተኛ ራሱ ነፃ ቢሆንም የሚቀመጥበት ራይኖ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ይገዛል። ከምንም በፊት የአየር ጠባይ ፋይሉን ለማየት በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ክሊማ የሚባል መሣሪያ በብራውዘር ብቻ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አንዱን ሕንፃ በሁለት ፕሮግራም ብናሰላው አንዱ በካሬ በዓመት 60፣ ሌላው 180 ኪሎዋት ሰዓት ሰጠን። የትኛው ነው ትክክል?
መካኒካል መሐንዲስ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ 180 የ60 ሦስት እጥፍ ነው፤ ይኸው ፍንጭ ይበቃል። አንዱ ፕሮግራም ከክፍሉ መውጣት ያለበትን ሙቀት፣ ሌላው ለዚያ የሚከፈለውን ኤሌክትሪክ እየነገረዎት ሳይሆን አይቀርም። ኤሲው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሙቀት ካወጣ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ናቸው። ‹አይዲያል ሎድስ› የሚል ቃል በውጤቱ ላይ ካዩ ያ የሙቀት ጭነቱ ነው። ይህ ካልሆነ ደግሞ በምን ስፋት እንደተካፈለ ይዩ፤ አንዱ ደረጃውንና ፓርኪንጉን ጨምሮ፣ ሌላው ኤሲ ያለበትን ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሰው ብዛት፣ የመብራት ዋት፣ የሥራ ሰዓት፣ በስንጥቅ የሚገባ አየር፤ እነዚህ አራቱ በሁለቱም ፕሮግራም አንድ እስኪሆኑ ድረስ ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው።

ለደንበኛ ሲያቀርቡም በዚህ ደረጃ የወጣን ቁጥር እንደ መብራት ቢል ትንበያ አያቅርቡ። የሚቀርበው ልዩነቱ ነው፤ አማራጭ ለ ከአማራጭ ሀ በስንት ያንሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ስለሚሸከሙ ልዩነቱ ከቁጥሩ ይልቅ ይታመናል።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ ‹መብራት ርካሽ ነው፣ ለምን እንለፋለን› ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ስለ ቢሉ አያውሩት፤ ስለ ጄኔሬተሩ ያውሩት። መብራት ሲጠፋ ኤሲውን የሚሸከም ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር የሚመረጠው በዓመቱ ከፍተኛ ጭነት ነው፤ ሁለቱም ከኤሲው ጋር በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከሞዴሉ የዚያችን አንዲት ሰዓት ጭነት በኪሎዋት አውጥተው፣ የምዕራቡ መስታወት ሲቀነስ ስንት እንደሚሆን ጎን ለጎን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመማሪያ ክፍል እየሠራን ነው። ሞዴሉ ክፍሉ ምቹ ነው ይላል፤ ከጎኑ ያለው ተመሳሳይ ነባር ክፍል ግን ምድጃ ነው። የት ነው የተሳሳትነው?
የፕሮጀክት መሐንዲስ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሦስት አራት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ከጣሪያው እንጀምር። በኢነርጂፕላስ ላይ የተመሠረቱ ፕሮግራሞች ለማንኛውም ገጽ ሙቀት የመልቀቅ አቅሙን 0.9 አድርገው ይሞላሉ። ለብሎኬትና ለልስን ልክ ነው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ዚንክ ቅብ ቆርቆሮ ግን 0.25 ገደማ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ደህና አድርጎ ቢመልስም የጋለውን ወደ ሰማይ መልቀቅ አይችልም፤ በእጅ የማይነካውም ለዚህ ነው። ቆርቆሮው ሲዝግ ደግሞ ይገለበጣል፤ መልቀቁ ይሻሻላል፣ መምጠጡ ግን ይብሳል። ነጭ ቀለም ሲቀባ ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ 70 በመቶውን ይመልሳል፣ መልቀቁም 0.9 ይሆናል። ሦስቱን ሁኔታ ለየብቻ ያሂዱና ለአሠሪው ያሳዩ። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ገደማ ስለሆነ እንደ ተራ ንብርብር ሲገባ ስሌቱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ክብደት የሌለው ንብርብር አድርገው ያስገቡት።

ሁለተኛው ኮርኒሱ ነው። ቆርቆሮውን፣ አየሩንና ኮርኒሱን አንድ ላይ እንደ አንድ ጣሪያ ከመዘገቡ በመካከል ያለው አየር ዝም ብሎ እንደተቀመጠ መከላከያ ይቆጠራል። በእውኑ ያ አየር ቀን ላይ ከውጭው እጅግ ይግላል። የጣሪያውን ሥር ለብቻው ዞን ያድርጉት፤ በሁለቱ ጫፍ ፍርግርግ ቢደረግለት ምን እንደሚለወጥም ያን ጊዜ ይታያል።

ሦስተኛው የልጆቹ ብዛት። ፕሮግራሞቹ ለመማሪያ ክፍል የሚሞሉት በ100 ካሬ 35 ተማሪ አካባቢ ነው፤ በ56 ካሬ ክፍል 20 ይሆናል። እዚያ ክፍል የሚቀመጡት 50 ከሆኑ፣ የጎደሉት 30 ልጆች ሙቀት በካሬ 30 ዋት ገደማ ነው። የትምህርት መዘጊያውም ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በሶፍትዌሩ ከጁላይ 8 ይጀምራል። የአሜሪካን መርሐ ግብር እንዳለ ከተዉት ግን የግንቦትና የሰኔው ሙቀት በከፊል እንደ ዕረፍት ይቆጠራል።

አራተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ የትኛውን ሙቀት እያነበቡ ነው? የአየሩን ብቻ ካነበቡ ከራስ በላይ ያለው የጋለ ኮርኒስ የሚልከው ጨረር አይታይም። ‹ኦፐሬቲቭ› የሚለውን ይምረጡ፤ እሱ የአየሩና የገጾቹ አማካይ ነው። የውጭው አማካይ 28 ዲግሪ በሆነበት ሰሞን የምቾት ወሰኑ 30 ዲግሪ ነው፤ የኮርኒስ ማራገቢያ በሰከንድ 0.9 ሜትር ነፋስ ከሰጠ ወሰኑ በ1.8 ዲግሪ ከፍ ይላል። ማራገቢያውን በስሌቱ ለመቁጠር ግን መብራት በትምህርት ሰዓት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ጠፍቶ የሚቆይ ከሆነ 30ውን ይያዙና ጣሪያውን ቀድመው ይቀቡ።